ጥፋቱ የሠራተኛው ነውን?

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ ከራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት እንዳላስተኛን ጎረቤቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ፤ ስለ ጩኸቱ በዚሁ አጋጣሚ ይቅርታ እንጠይቃለን። የክርክሩ መነሻ ትንሽ ነገር ነበረች። አንዱ ጓደኛችን ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ በእግሩ ሲወርድ የሚያልፉትን መኪናዎች ይቈጥር ኖሮ፣ ከሚኒባስ ታክሲው ጀምሮ እስከ ቤት መኪናው ድረስ ጃፓን ሠራሹ በዛበት፤ የአሜሪካው ግን በጣት የሚቈጠር ሆነበት። «መኪናን ለተራው ሕዝብ ያዳረሰች አሜሪካ አልነበረችምን? ታዲያ ምን ነካት?» ብሎ ጠየቀን። አልጋው ላይ ጋደም ያለው ሌላው ጓደኛችን ቀና እንኳ ሳይል፣ «የአሜሪካ ሠራተኛ ጠግቦ ሰነፈ፤ ደመወዙ ሲበዛ እጁ ከበደ፤ ማኅበሩም አሞላቀቀው፤ ሌላ ምስጢር የለውም» ሲል መለሰለት።

እኛ በዚህ መልስ አልረካንም። ያልረካንበትም ምክንያት መልሱ ለአሜሪካ ብቻ የተሰጠ ስላልመሰለን ነው። በየትኛውም መሥሪያ ቤት አንድ ሥራ ሲበላሽ በመጀመሪያ የሚወቀሰው መዶሻውን የያዘው ሰው ነው፤ ሥራው እንዴት እንዲሠራ የወሰነው ሰው ግን ከወንበሩ ሳይነሣ ወቀሳውን ይጽፋል። ነገ ከነገ ወዲያ ያንን ወንበር የምንይዘው ደግሞ እኛው ነን። ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍት ያገኘነውን አሰባስበን፣ ከአሜሪካ መኪና ታሪክ የተረዳነውን ለውድ አንባብያን ለማቅረብ ወደድን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የወደቀው ነገር ከፍ ብሎ የነበረ መሆኑ መታወቅ አለበት። ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሠርቶ ሸጧል። ጌጥ አልነበራትም፤ ነገር ግን ጭቃ የማትፈራ፣ ገበሬው ራሱ በመፍቻና በፒንሳ የሚጠግናት መኪና ነበረች። በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ የጀመረው የሚንቀሳቀስ የመገጣጠሚያ መስመር የዓለምን ኢንዱስትሪ ለውጧል። በ1950ዎቹ አጋማሽም በአሜሪካ ከሚሸጡት መቶ መኪናዎች ውስጥ ከ90 የሚበልጡት የሦስት ኩባንያዎች፣ ማለት የጄኔራል ሞተርስ፣ የፎርድና የክራይዝለር ሥራዎች ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉን ጄኔራል ሞተርስ ብቻውን ይሸጥ ነበር። ይኸው ኩባንያ በ1955 በአንድ ዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ በማትረፍ ከአገሩ ኩባንያዎች የመጀመሪያው ሆነ።

ችግሩ የተጸነሰው በዚሁ በድሎት ዘመን ነው ብለን እናምናለን። ገበያው ለሦስት ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ፉክክሩ በምን ሆነ? በመልክ ሆነ። ጄኔራል ሞተርስ ከ1920ዎቹ ጀምሮ መኪናውን በየዓመቱ መልኩን እየለወጠ ማውጣትን ልማድ አድርጎት ነበር፤ ዓላማውም ደንበኛው ደኅና ሆና የምትሄድለትን መኪና እንዲጠላትና አዲሲቱን እንዲመኝ ነው። በ1950ዎቹ ነገሩ ጫፍ ደረሰ፤ ኋላቸው እንደ ዓሣ ክንፍ የሾለ፣ በክሮም ያሸበረቁ፣ ጀልባ የሚያካክሉ መኪናዎች ወጡ። ማማራቸውን አንክድም፤ ፎቶግራፋቸውን በግድግዳው ላይ የለጠፈ ጓደኛም አለን። ነገር ግን የሚመሰገነው ክንፉን የሣለው ሰው እንጂ፣ በሩ ዝናብ እንዳያስገባ የተጨነቀው ሰው አልነበረም። ክራይዝለር በ1957 ያወጣቸው መኪናዎች፣ ውበታቸው ተወርቶ ሳያልቅ ውሃ ማስገባትና መዛግ የጀመሩት፣ ለገበያ ለማድረስ በተደረገው ጥድፊያ በሚገባ ሳይፈተኑ ስለ ወጡ ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ፋብሪካው ውስጥ እንግባ፤ የክርክራችን ፍሬ ያለው እዚያ ነውና። በአሜሪካ ፋብሪካዎች አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር፤ መስመሩ አይቁም። መስመሩ ለአንድ ደቂቃ ቢቆም አንድ መኪና ጐደለ ማለት ነው። ካቦው ማታ የሚጠየቀውም ስንት መኪና አወጣህ ተብሎ ነው እንጂ ስንቱ ደኅና ነበር ተብሎ አይደለም። እንግዲህ አንድ ሠራተኛ ብሎን ሲያስገባ ጥርሱ ተጣሞ ቢይዝበት ምን ያደርጋል? ፈትቶ ለማስተካከል ጊዜ የለውም፤ የሚቀጥለው መኪና ደርሶበታል። ለካቦው ቢናገር «ዝም ብለህ አሳልፈው» ይባላል። ስለዚህ ያሳልፈዋል። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ሰው በተጣመመው ብሎን ላይ መሸፈኛውን ይገጥምበታል፤ ሦስተኛው በመሸፈኛው ላይ ወንበሩን ያስርበታል። በመስመሩ መጨረሻ ያለው ተቈጣጣሪ ጉድለቱን ካየው መኪናው ወደ መጠገኛው ሜዳ ይገፋል፤ ወንበሩ ይነቀላል፣ መሸፈኛው ይነሣል፣ ብሎኑ ይፈታል። በግማሽ ደቂቃ ይታረም የነበረው ስሕተት የስንት ሰዓት ሥራ ሆነ። ተቈጣጣሪው ካላየው ደግሞ ገዢው በመንገድ ላይ ያየዋል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ጥራት የማንም ሥራ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ሠራተኛው «ተቈጣጣሪ አለ» ይላል፤ ተቈጣጣሪው «ጠጋኝ አለ» ይላል፤ ፋብሪካው «ሻጩ በዋስትናው ያስተካክለዋል» ይላል። ሁሉም በየፊናው ልክ ነው፤ መኪናው ግን ያፈስሳል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በኦሃዮ ግዛት በሎርድስታውን የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጡት ትንንሽ መኪናዎች ገበያውን መንካት ሲጀምሩ፣ ኩባንያው በ1970 ሼቭሮሌት ቬጋ የተባለች ትንሽ መኪና አወጣ። ብልሃት አልጐደለውም፤ መኪናዎቹን በአፍንጫቸው አቁሞ የሚጭን ልዩ ፉርጎ አሠርቶ፣ 18 መኪና ይይዝ በነበረው ፈንታ 30 መኪና በአንድ ፉርጎ ይልክ ነበር። አንድ የታወቀ የመኪና መጽሔትም የዓመቱ ምርጥ መኪና ብሎ ሸለማት። ነገር ግን መካኒኮቻችን ሞኖብሎክ የሚሉት የሞተሯ ግንድ ከአሉሚኒየም ሲሠራ ለሲሊንደሮቹ የብረት ሽፋን አልተበጀላቸውም፤ የማቀዝቀዣ አቅሟም አነስተኛ ነበር። በጣም በሞቀች ጊዜ ሲሊንደሩ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ዘይት መጠጣት ነው። የፊት ፓራፋንጎዋን ደግሞ ዝገት ቶሎ እየበላው ኩባንያው በብዛት በነጻ ለመለወጥ ተገደደ። ሞኖብሎኩ ከምን እንዲሠራ የወሰነው ሎርድስታውን ላይ ብሎን የሚያጠብቀው ልጅ ነበርን?

ልጅ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሎርድስታውን ሠራተኞች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከእኛ እምብዛም የማይበልጥ ወጣቶች ነበሩ። በሌሎች ፋብሪካዎች በሰዓት 60 ያህል መኪና ሲያልፍ፣ እዚያ 100 እንዲያልፍ ተወሰነ፤ ለአንድ ሰው በአንድ መኪና ላይ የሚደርሰው ጊዜ 36 ሰኮንድ ሆነ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ 36 ሰኮንድ ቈጥራችሁ እዩት፤ ከዚያም በቀን ስምንት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን አድርጉት። በ1971 መጨረሻ አዲስ አስተዳደር መጥቶ ብዙ መቶ ሠራተኛ ሲቀንስ፣ የቀረው ሰው የሄዱትን ሥራ ደርቦ እንዲሠራ ተደረገ። ሳይጠናቀቁ የሚያልፉ መኪናዎች በዙ። ኩባንያው ሠራተኞቹ ሆን ብለው አበላሹ አለ፤ ሠራተኞቹ ደግሞ በተሰጠን ጊዜ ሥራውን ለመጨረስ አልቻልንም አሉ። በመጋቢት 1972 ሦስት ሳምንት ያህል ሥራ አቆሙ። የአድማው ዋና ጥያቄ የደመወዝ ጭማሪ አልነበረም፤ የሥራው ፍጥነት ነበር። ይህን ለዚያ አልጋ ላይ ጋደም ላለው ጓደኛችን ስንነግረው ቀና ብሎ ተቀመጠ።

ስለ ፎርድ ፒንቶ ብዙ ስለ ተጻፈ አናስረዝመውም፤ ታንኳ ከኋላ አክስሉ ጀርባ ስለ ነበረ ከኋላ ስትገጭ ቤንዚን ይፈስሳት ነበር፤ በ1978 1.5 ሚሊዮን መኪና ለእርማት ሲጠራ የተደረገላት የፕላስቲክ ጋሻና የተሻሻለ የነዳጅ መሙያ ቱቦ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመን ክፉ ወሬ ነጋሪው ምን እንደ ደረሰበት ነው። ራልፍ ኔደር የተባለው ወጣት ጠበቃ በ1965 ስለ መኪናዎች አደገኛነት መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ፣ ጄኔራል ሞተርስ መኪናውን ከመመርመር ይልቅ ደራሲውን የሚመረምሩ ሰላዮች ቀጠረ፤ በ1966 ነገሩ ተጋልጦ የኩባንያው ፕሬዚዳንት በሴኔት ፊት ይቅርታ ጠየቁ።

በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ሕዝቡ ትንሽ መኪና ፈለገ፤ የጃፓንንም ገዛ። መጀመሪያ የገዛው ለነዳጁ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛ ጊዜ የገዛው ግን የመጀመሪያዋ ስላልተበላሸችበት ነው። በ1980 ጃፓን በሚሠራ መኪና ብዛት አሜሪካን ቀደመች። ክራይዝለርን መንግሥት ለ1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆኖ አተረፈው፤ በ1981 ደግሞ ጃፓን ወደ አሜሪካ የምትልከውን መኪና በዓመት ከ1.68 ሚሊዮን እንዳታስበልጥ ተስማማች።

እዚህ ላይ ሳንጠቅሰው የማናልፈው አንድ ሰው አለ። ዊልያም ኤድዋርድስ ዴሚንግ አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው። በ1950 ወደ ጃፓን ሄዶ ለመሐንዲሶችና ለኩባንያ ኃላፊዎች ስለ ጥራት ንግግር አደረገ፤ አብዛኛው ጉድለት የሚመጣው ከሥራው አደረጃጀት እንጂ ከሠራተኛው ስንፍና አይደለም፤ አደረጃጀቱንም ለመለወጥ የሚችለው አስተዳደሩ ብቻ ነው ብሎ አስተማረ። ጃፓኖች በዓመቱ በስሙ ሽልማት አቋቋሙ። በገዛ አገሩ ብዙ ሰው ያወቀው ግን በ1980 በቴሌቪዥን ከታየ አንድ ፊልም በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 80 ሆኗል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይህ ነው። እርግጥ ነው፣ ጃፓኖቹም የተነገራቸውን ብቻ ይዘው አልተቀመጡም፤ የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ለብዙ ዓመታት እየሞከረ ያበጀው አሠራር የራሳቸው ሥራ ነው።

የእኛን ክርክር የሚቈርጠው ማስረጃ ያለው በካሊፎርኒያ በፍሪሞንት ከተማ ነው። እዚያ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ እጅግ መጥፎ ስም ነበረው። ከመቶው ሠራተኛ 20 ያህሉ በየቀኑ ይቀር ነበር፤ በሥራ ላይ መጠጥ ይጠጣ ነበር፤ ማኅበሩና አስተዳደሩ ዐይንና ናጫ ነበሩ። በ1982 ተዘጋ። ጓደኛችን ስለ ሰነፍ ሠራተኛ ሲናገር የሚያስበው እንደነዚህ ያሉትን ሰዎች ነው፤ እውነትም ነበሩ፤ አንሸሽገውም።

በ1984 ግን ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ በሽርክና ያንኑ ፋብሪካ ኑሚ በሚል ስም እንደገና ከፈቱት፤ አስተዳደሩ ለቶዮታ ተሰጠ። ማኅበሩ አልፈረሰም። ከተቀጠሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ እነዚያው የድሮዎቹ ነበሩ። በቡድን በቡድን ወደ ጃፓን ተልከው በቶዮታ ፋብሪካ ሥራውን አዩ። ሲመለሱ በመስመሩ ርዝመት ከራስ በላይ ገመድ ተዘርግቶ ጠበቃቸው። አንድ ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመዱን ይስባል፤ መብራት ይበራል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ የቡድኑ መሪ ይመጣል፤ መጥቶም «ማን ነህ አንተ?» አይልም፣ «ምን ልርዳህ?» ይላል። በጊዜው ካልተስተካከለ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ለሃያ ዓመት መስመሩን ያቆመ ይባረራል ሲባል የኖረ ሰው ያንን ገመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስብ እጁ እንዴት ሆኖ ይሆን? እኛ ይህን ስናስብ በክፍል ውስጥ እጃችንን አውጥተን «መምህር፣ አልገባኝም» ለማለት የምንፈራው ፍርሃት ትዝ አለን፤ መምህራኖቻችን አይቀየሙን።

ውጤቱ በቍጥር ታውቋል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚመሩ ተመራማሪዎች በ1990 ባወጡት መጽሐፍ ሦስት ፋብሪካዎችን አስተያይተዋል። በፍራሚንግሃም የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ አንድ መኪና ለመገጣጠም 31 ሰዓት ይፈጅበት ነበር፤ በመቶ መኪናም 130 የመገጣጠም ጉድለት ይገኝበት ነበር። ታካኦካ የሚገኘው የቶዮታ ፋብሪካ 16 ሰዓትና 45 ጉድለት ነበረው። ፍሪሞንት ደግሞ 19 ሰዓትና 45 ጉድለት። እንግዲህ ያው ከተማ፣ ያው ማኅበር፣ አብዛኞቹም ያው ሰዎች ናቸው፤ በጉድለት ማነስ ከጃፓኑ ጋር እኩል ሆኑ። ጥድፊያውን የተዉትም ፋብሪካዎች ከሚጣደፈው ፈጠኑ፤ አንድ ጊዜ በትክክል የተሠራ ነገር ተመልሶ አይፈታምና።

ነገሩን አንድ ወገን ብቻ አድርገን እንዳንናገር ግን እንጠነቀቃለን። ጄኔራል ሞተርስ የፍሪሞንትን አሠራር በዚያው በካሊፎርኒያ ወደ ቫን ናይስ ፋብሪካ ለመውሰድ ሲሞክር ሠራተኛውም ካቦውም በጥርጣሬ ተቀበለው፤ የለመደውን ጠብ ትቶ ከትናንት ባላጋራው ጋር መሥራት ለብዙው ሰው አልሆነለትም፤ ፋብሪካው በ1992 ተዘጋ። ስለዚህ ማኅበሩም ድርሻ አለው። ቶዮታም ቢሆን መልአክ አይደለም፤ በ2009 እና በ2010 በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር መኪናውን ለእርማት ጠርቷል። የአሜሪካ መኪናዎችም ከ1970ዎቹ ይልቅ እጅግ ተሻሽለዋል። የምንከራከረው ስለ ዘር ወይም ስለ አገር አይደለም፤ ጉድለትን ያየ ሰው ምን ይሆናል ስለሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ገና እንዳልተዘጋ የሚያሳይ አንድ ነገር እንጨምር። ጄኔራል ሞተርስ በ2009 ኪሳራ አውጆ በመንግሥት ገንዘብ ከተነሣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ 2.6 ሚሊዮን ያህል ትንንሽ መኪናዎችን ጠራ። የሞተር ማስነሻው ቁልፍ መያዣው ልል ስለ ነበረ፣ በጕዞ ላይ ቁልፉ ራሱ ይዞራል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ በግጭት ጊዜ የአደጋ መከላከያው የአየር ከረጢት ሳይነፋ ይቀራል። ኩባንያው ካሣ ለመስጠት ያቋቋመው ጽሕፈት ቤት 124 ሰዎች በዚህ ምክንያት መሞታቸውን ተቀብሏል። ዕቃው ዋጋው ከአንድ ዶላር በታች ነው ተብሎ ተጽፏል። የኩባንያው መሐንዲሶች ስለ ቁልፉ ማወቅ ከጀመሩ ግን ዐሥር ዓመት አልፎ ነበር።

ኩባንያው ራሱ ያስመረመረው ሪፖርት በዚያው ዓመት ሲወጣ ሁለት ልማዶችን ጠቅሷል። አንደኛው የጂ ኤም ሰላምታ የሚባለው ነው፤ በስብሰባ ላይ ሰው ሁለት እጁን አጣምሮ በጣቶቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎረቤቶቹ ይጠቍማል፤ ኃላፊነቱ የእነርሱ ነው ማለቱ ነው። ሁለተኛው የጂ ኤም ራስ መነቅነቅ ነው፤ በቀረበው ሐሳብ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል፤ ከክፍሉ ሲወጣ ግን ማንም ምንም አያደርግም። በ2008 ለሠራተኞች በተሰጠ ማስተማሪያ ደግሞ በጽሑፍ እንዳይገቡ የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ነበር። «ችግር» አትበሉ፣ «ጉዳይ» ወይም «ሁኔታ» በሉ፤ «ጉድለት» አትበሉ፣ «እንደ ንድፉ አይሠራም» በሉ የሚል ነው። የቋንቋ ተማሪዎች የሆናችሁ ይህን ዝርዝር ፈልጋችሁ ብታነቡት ትጠቀማላችሁ። ከገመዱ ጋር አስተያዩት፤ በአንዱ ቤት ጉድለት ያየ ሰው ሙዚቃ ይሰማለታል፣ በሌላው ቤት ጉድለት የሚለው ቃል ራሱ ይሰረዝበታል።

ከተጠሩት መኪናዎች ዋነኛዋ ሼቭሮሌት ኮባልት ናት። የተገጣጠመችው የት ነው ቢባል፣ በዚያው በሎርድስታውን ነው። በዚህ ጊዜ ግን ሠራተኛው በመገጣጠሙ ላይ የተሳሳተው ነገር አልነበረም፤ የተሰጠውን ቁልፍ በታዘዘው ቦታ አጥብቆ አስሯል።

ጓደኛችን ይህን ሁሉ ሰምቶ በሙሉ አልተረታም። «ገመዱን የሰቀሉት ጃፓኖች ናቸው እንጂ አሜሪካዊው ሠራተኛ መቼ ጠየቀ?» ይላል። እኛ ደግሞ በመጋቢት 1972 ጠይቋል እንላለን። በዚህ ላይ ከቴክኖሎጂና ከንግድ ሥራ ፋኩልቲ ያላችሁ ጓደኞቻችን፣ በተለይም በዕረፍት ጊዜያችሁ በፋብሪካ ወይም በጋራዥ የሠራችሁ፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሣጥን ብታስገቡልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። የሚቃወመንንም እናወጣለን።